ቧንቧ አድማጯ

በውሃ መሥሪያ ቤቱ አርባ አንድ ዓመት ስትሠራ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የጠራት የሠራተኛ መዝገቡ ብቻ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ ጆሮ ነበረች። በወጣትነቷ «ጆሮ፣ ነይ እስቲ» ይሏት ነበር፤ ልጅ ከወለደች በኋላ «እትዬ ጆሮ» ሆነች፤ ጡረታዋ ሲቃረብ ደግሞ አዳዲሶቹ ሠራተኞች «እማማ ጆሮ» ማለት ጀመሩ። ስሙን አልጠላችውም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔ ግን ከዘመድም ዘመድ ሆኖኝ ኖረ» ትል ነበር።

የተቀጠረችው ግን ለመስማት አልነበረም። ባልዲና መወልወያ ይዛ የገባች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሥራዋ የምድር ቤቱን ረጅም ኮሪደር ጠዋት ጠዋት መወልወል ነው። አንድ ቀን ወገቧን ሲያማት መወልወያውን አቁማ ጉንጯን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አስደገፈች። እንደዚያው እንዳለች ደቂቃ ያህል ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ የቧንቧ ክፍሉን አለቃ ቢሮ አንኳኳች።

«አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የኮሪደሩ ግድግዳ ውስጥ ውሃ እየሮጠ ነው።»

አለቃ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግራጫ ካፖርታቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «እዚያ የሚሄደው ቧንቧ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው» አሏት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ መዘጋቱን ግን ለውሃው ማንም አልነገረውም መሰለኝ» አለች።

አለቃ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። ከበሩ ጀርባ ቁመታቸውን የሚያህል የብረት ዘንግ አነሡ። የዘንጉ አንድ ጫፍ ሾል ያለ ነው፤ በሌላው ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ሰሃን የተጠረበ እንጨት ተገጥሞበታል። ሹሉን ግድግዳው ላይ ተክለው ጆሯቸውን ሰሃኑ ላይ ጣል አደረጉ። ብዙ አዳመጡ። በማግስቱ ግድግዳው ሲፈነቀል የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ተገኘች። የቧንቧው መዝጊያ ቫልቭ ተዘጋ ይባል እንጂ ውስጡ ተበልቶ ኖሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ሲያሳልፍ ከርሟል።

«ሃያ ዓመት በዚህ ኮሪደር ተመላለስኩ» አሉ አለቃ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። ከዚያም ወደ እሷ ዞረው፣ «ባልዲሽን ለሌላ ሰው አስረክቢ። ከሰኞ ጀምሮ ከእኔ ጋር ትወጫለሽ» አሏት።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጧት መንገድ ላይ ሳይሆን ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ካለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው። እሷን በአንዱ ጫፍ አስቀምጠው እሳቸው በሌላው ጫፍ ጠረጴዛውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ምንም አልሰማችም። «አሁን ጆሮሽን እንጨቱ ላይ አስተኚው» አሏት። መልሰው ቢጭሩት ጆሮዋ ሥር ያለ አይጥ መሰላት፤ ደንግጣ ቀና አለች።

«ድምፅ ግፊያ ነው» አሉ አለቃ። «አንዱ ሌላውን እየገፋ የሚያቀብለው ወሬ ነው። አየር ውስጥ ገፊዎቹ ተራርቀው ቆመዋል፤ ወሬው እጅ በእጅ እስኪተላለፍ ይዘገያል፣ መንገድ ላይም ይደክማል። ውሃ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ብረት ግን ክንድ ለክንድ እንደተቆላለፈ ሰልፈኛ ነው፤ የፊተኛውን ነካ ስታደርጊው የኋለኛው ይነቃል። ለዚህ ነው እኛ ከነፋስ ወሬ የማንጠይቀው።»

ትምህርቱ ገባኝ ብላ ነበር። እውነት የገባት ግን ከከተማው ዳር አዲሱ ዋና መስመር ሲዘረጋ ነው። ገና ውሃ ያልገባበት፣ ስድስት መቶ ሜትር የሚሆን የብረት ቱቦ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተጋድሟል። አለቃ እሷን በአንዱ ጫፍ አንበረከኳት። በወዲያኛው ጫፍ አንድ ቆፋሪ መዶሻ ይዞ ቆመ። ይህ ቆፋሪ ዶማው ይባላል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ነው። ከርቀቱ የተነሣ አውራ ጣት አክሎ ይታያታል።

አለቃ ጨርቅ አውለበለቡ። የዶማው ክንድ ወረደ። ክንዱ ሲወርድ ባየችበት ቅጽበት ቱቦው ላይ ባስደገፈችው ጆሮዋ «ጣ» የሚል ጥርት ያለ ምት ሰማች። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ደግሞ በነጻው ጆሮዋ በኩል ሌላ፣ ደከም ያለ «ጣ» መጣ።

ዶማው መዶሻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ ገና ከሩቅ ተቀበለችው።

«አንዴ ምታ አይደለም እንዴ የተባልከው? ለምን ሁለቴ መታህ?»

«አንዴ ነው የመታሁት።»

«እኔ እኮ ሰማሁ።»

«እኔ እኮ መታሁ» አለ ዶማው። «ከመቺውና ከሰሚው ማን ይታመናል?»

«ሰሚ ይቅደም ነው የሚባለው።»

«የት ነው የሚባለው?»

አለቃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየቻቸው። «ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው» አሉ። «ምቱ አንድ ነው፤ መልእክተኞቹ ግን ሦስት ናቸው። አንደኛ ብርሃን ነው፤ ክንዱ ሲወርድ ዓይንሽ ወዲያው ያየው። ሁለተኛው ብረቱ ነው፤ ከብርሃኑ እምብዛም አልዘገየም። ሦስተኛው አየር ነው፤ እሱ ተንቀራፎ፣ ሁሉም ካበቃ በኋላ ደረሰ።»

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ዶማው ባገኛት ቁጥር «ሁለቴ መታሁ እንዴ?» እያለ ያነሣባት ጀመር። እሷም የምትመልስበት ቀን ሩቅ አልነበረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶማው ውሃ የሞላው የቫልቭ ጉድጓድ ውስጥ የብረት መፍቻ ጣለ። ከዳር ሆኖ ሲያየው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካፖርቱን አውልቆ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰዶ ሊያነሣው ቢል ውሃ ብቻ ጨበጠ። ደገመው። ሸሚዙ ራሰ።

«ካየኸው ዝቅ አድርገህ ፈልገው» አለችው ከበላዩ ቆማ። «ውሃ ዓይን ያታልላል።»

ዝቅ ሲያደርግ አገኘው። ያን ዕለት ከሥራ ሲመለሱ አለቃን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ብርሃን የድምፅ ተቃራኒ እንደሆነ ነገሯት፤ ድምፅ ውሃ ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ብርሃን ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይዘገያል፤ በሰያፍ ሲገባና ሲወጣም ከመንገዱ ይጎብጣል፤ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ከእውነተኛው ቦታው ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ነው። ዶማው ከኋላቸው ሆኖ እርጥብ ሸሚዙን እየጨመቀ ጆሮውን ጥሎ ይሰማ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ነው አንድ ቀን ከሰዓት በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ከጎኗ ተቀምጦ ጉሮሮውን የጠረገው።

«የምነግርሽ ነገር አለ። አንዴ ብቻ ነው የምለው።»

«ሁለቴ ቢሰማኝስ?» አለችው።

«ያን ጊዜ ሁለቴ እሺ ትይኛለሽ።»

ሁለቴ ትበል አንዴ እሱን ሁለቱ ብቻ ያውቃሉ። ተጋቡ፤ ሴት ልጅ ወለዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ስታስታውስ ሁልጊዜ የሚመጣባት የጠዋቱ አስፋልት ነው። መኪና ሳይበዛ፣ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፤ እሷ ዘንጓን፣ እሱ ዶማውን ይዞ። እሷ በየአሥር እርምጃው ቆማ ታዳምጣለች፤ ድምፁ በሚያይልበት ቦታ በጠመኔ መስቀለኛ ምልክት ታደርጋለች፤ እሱ ይቆፍራል። ከጊዜ ብዛት መሬቱን ሁሉ በጠባዩ ለየችው። አስፋልትና ድንጋይ ንጣፍ አፍ የላቸውም ይባላል እንጂ የሰሙትን ሁሉ ይናገራሉ። ሣር ግን ምስጢረኛ ነው፤ ውጦ ዝም። ልል አሸዋም እንደዚያው። ትንሽ ሽንቁር ቀጥኖ ያፏጫል፤ ትልቅ ስንጥቅ ግን ያጉረመርማል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ድምፁን አጥፍቶ ይፈስሳል። «ብዙ የሚጮኸው ትንሹ ነው፤ እንደ ሰው» ትላለች።

ሰፈርተኛው መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም ነበር። አንዲት ሴት በማለዳ ከሰው ደጅ ቆማ ዘንግ ላይ ጆሮዋን ስትጥል የጆሮ ጠቢነት ሥራ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? አንድ ቀን አንድ ሰውዬ በፒጃማው መስኮት ከፍቶ አፈጠጠባት።

«ማንን ነው የምትሰልይው?»

«ቧንቧዎን።»

«ቧንቧዬ ደሞ ምን ይላል?»

«ያማዎታል። እጃቸውን ታጥበው አጥብቀው አይዘጉኝም ይላል።»

ሰውዬው መስኮቱን ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ቧንቧ ጠበቅ ተደርጎ ሲዘጋ በዘንጓ ሰማች። ዶማው አካፋው ላይ ተደግፎ ሳቀ። የዚያን ጠዋት ሳቁን እስከ ዛሬ ከነሰዓቱ ታስታውሰዋለች።

አለቃ ጡረታ ሲወጡ ዘንጋቸውን ለእሷ ትተው ሄዱ። ጆሮዋም አሳፍሯቸው አያውቅም ነበር፤ ፕላስቲክ እስኪመጣ ድረስ።

የፕላስቲክ ቱቦ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ለሠሪ ይመቻል። ለአድማጭ ግን ድምፅ ቀባሪ ነው። ብረት ክንድ ለክንድ ያቀብለው የነበረውን ወሬ ፕላስቲክ ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ይውጠዋል፤ የፉጨቱ ቀጭን ክፍል ይጠፋና ወፍራሙ ብቻ፣ እሱም እንደ ሩቅ ሰው ማንኮራፋት፣ ይቀራል። ይህን ታውቃለች። ያላወቀችው የትኛው መንገድ ሥር ፕላስቲክ እንደገባ ነው።

ከአሮጌው የደብተር ጠራዥ ሱቅ ፊት ለፊት ውሃ መመንጨት ጀመረ የተባለ ዕለት ሄደች። ዘንጓን ከሱቁ በስተ ግራ ያለው ቫልቭ ላይ ስትተክል ፉጨቱ ተሰማት። በስተ ቀኝ ያለው ግን ጭጭ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የቧንቧ ካርታ ከዳር እስከ ዳር ብረት ነው ይላል። እንግዲህ ብረት የማይናገር ከሆነ ምንም የለም ማለት ነው ብላ በስተ ግራ ምልክት አደረገች። ዶማው ቆፈረ፤ ደረቅ። ትንሽ ወዲህ አለች፤ ቆፈረ፤ ደረቅ። ሦስተኛውን ሲጀምር ከምድር ቤት የደብተር ጠራዡ ድምፅ ተሰማ። ውሃው በግድግዳው ስር ሰርጎ የወረቀት ክምሩ ውስጥ ገብቷል።

ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ ሲጣራ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ማንም ሳይመዘግብ በስተ ቀኝ ያለው ቱቦ በፕላስቲክ ተቀይሮ ተገኘ። ስንጥቁ ብረቱና ፕላስቲኩ ከሚገናኙበት መጋጠሚያ ዘጠኝ ሜትር ወዲያ፣ ፕላስቲኩ ላይ ነበር። ድምፁ በስተ ቀኝ ረጅሙን ፕላስቲክ ሳይጨርስ ሞተ፤ በስተ ግራ ግን እንደ ምንም መጋጠሚያው ደርሶ ብረት ሲያገኝ ነፍስ ዘራ። እሷ የሰማችው ብረቱ የተቀበለውን ወሬ እንጂ የወሬውን ቤት አልነበረም።

ደብተር ጠራዡ አልተሳደበም። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የራሰ ወረቀት በእቅፉ እያወጣ ነበር። ቢሰድባት ይቀላት ነበር። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ቤቷ አልሄደችም፤ ወደ እሱ ሄደች።

«ምን ላግዝዎት?»

«ገመዱን ያዢልኝ» አላት።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄደች ወረቀት አብራው አሰጣች። ገጾቹ በመስኮቱ ፊት ተሰቅለው ሲታዩ በዚህ በኩል ያለው ጽሑፍ ከወዲያኛው ጋር ተደባልቆ ይነበባል፤ ብርሃኑ ሰተት ብሎ ያልፋቸዋል። ሲደርቁ ግን አንድ በአንድ እየነጡ ብርሃኑን መከልከል ጀመሩ።

«ወረቀት ማለት የቃጫ ጭረትና አየር ነው» አላት ደብተር ጠራዡ። «ብርሃን ከአየር ወደ ጭረት፣ ከጭረት ወደ አየር ሲል ይበታተናል፤ ለዚህ ነው ነጭ ሆኖ የሚታይሽ። ውሃ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ልዩነቱ ይቀንስና መንገድ ያገኛል። ያው ወረቀት ነው፤ ብርሃኑም ያው ነው።» የደረቀ ገጽ ከገመዱ እያወረደ ጨመረ። «አንቺም ጆሮሽ ያው ነው። መንገዱን ነው የቀየሩብሽ።»

ይህን የዚያኑ ማታ ለዶማው ነገረችው።

ከስህተቱ በኋላ መሥሪያ ቤቱ መሣሪያ አስመጣ። ይዛው የመጣችው ገና ከትምህርት የወጣች ኢንጂነር ናት። መሣሪያው ሁለት አድማጭ አለው፤ በቧንቧው ሁለት ጫፍ ይቀመጡና ድምፁ ወደ የትኛው ቀድሞ እንደደረሰ አስልቶ ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ይናገራል። ሁሉም «በቃ፣ ጆሮ ተተካች» አለ። እሷም ዕቃዋን ልትሰበስብ ጀምራ ነበር። ኢንጂነሯ ግን በሦስተኛው ቀን ቢሮዋ ድረስ መጣች።

«እማማ ጆሮ፣ ይርዱኝ። መሣሪያው ቱቦው ከምን እንደተሠራ ይጠይቀኛል። ድምፅ በብረት የሚሄድበትና በፕላስቲክ የሚሄድበት ፍጥነት አንድ አይደለም። ካርታው ደግሞ ይዋሻል። እርስዎ ግን በእግርዎ ሄደውበታል።»

«እኔም ተሳስቻለሁ እኮ።»

«የተሳሳቱበትን ቦታ ያውቁታል አይደል? ከዚያ እንጀምር።»

ከደብተር ጠራዡ ደጅ ጀመሩ። አራት ዓመት ሙሉ ከተማዋን መንገድ በመንገድ ዞሩ። እሷ በየቫልቩ ዘንጓን ታስደግፍና «ብረት»፣ «ብረት»፣ «ይኼ ዝም አለ፤ ፕላስቲክ ጻፊ» ትላለች፤ ኢንጂነሯ ትጽፋለች። በየማእዘኑ ደግሞ ትዝታ ይመጣባታል። እዚህ ጋ ዶማው ጣቱን የቀጠቀጠበት፣ እዚያ ጋ አለቃ ዝናብ ያስጠለሏት፣ ወዲያ ልጇ በሆዷ እያለች ሕፃኑ ነው ወይስ ቧንቧው የሚንቀሳቀሰው ብላ ግራ የተጋባችበት። ኢንጂነሯ ይህን ሁሉ አትጽፍም፤ ግን ብዕሯን አስቀምጣ ትሰማለች። ካርታው ሲያልቅ እሷ ጡረታ ወጣች።

ዶማው ጡረታ የወጣው ከእሷ በፊት ነው። ከልጅነቱ የሚያመረቅዘው ጆሮው ሲብስ ብዙ ጊዜ ታክሞ፣ በመጨረሻ የጆሮው ትንንሽ አጥንቶች ተበልተዋል፣ አየር የሚያመጣውን ድምፅ ወደ ውስጥ ማቀበል አልቻሉም ተባለ። ያ ሳቂታ ሰው ቀስ በቀስ ከጨዋታ ወጣ። ሰው ሲስቅ አይቶ ይስቃል፤ ቀጥሎ ይተክዛል። ልጃቸው እየጮኸች ታናግረው ነበር፤ እሷ ግን ጩኸት አልወደደችም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋው ሥር ዘንጉን አወጣች። የእንጨቱን ሰሃን አውልቃ ጫፉን በጨርቅ ወለወለችና አፉ ዘንድ አቀረበችው። ዶማው እብደት የጀመራት መስሎት አያት። በምልክት «በጥርስህ ያዘው» አለችው። ያዘው። ሌላውን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሬዲዮ ሳጥን ላይ አስደገፈችው።

ዶማው መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዓይኑ ሰፋ። ዘንጉን እንደነከሰ፣ በተወላገደ አፍ፣ «ዜና ነው» አለ።

ዘንጉን ከሬዲዮው አንሥታ ከአገልግሎት ብዛት የደነዘዘውን ሹሉን ቀስ ብላ ጉሮሮዋ ላይ አደረገችው። ጥርሱና የራስ ቅሉ ድምጿን ወደ ውስጥ ያቀብሉት እንደሆነ ብላ ነው፤ በድምጿ ልክ፣ ሳትጮህ፣ «ሰማኸኝ?» አለች።

«ሰማሁሽ» አለ። ቆይቶም፣ «ድምፅሽ ወፍሯል።»

«አርጅቼ ነው።»

«አይ፣ ብረቱ ነው» አለ ዶማው።

ልጃቸው በር ከፍታ ስትገባ እናቷና አባቷ በአንድ የብረት ዘንግ አንዱ በጥርሱ ሌላው በጉሮሮው ተያይዘው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ አገኘቻቸው። «ሰው ቢያያችሁ ምን ይላል?» አለች። አባቷ ግን አልሰማትም። ከዚያ በኋላ አጥንት በኩል የሚያሰማ መሣሪያ ሐኪም አዘዘለት፤ እስኪመጣ የፈጀውን ሰባት ወር በዘንጉ አወሩ። ብዙ ነገር አወሩ። ከሠርጋቸው ወዲህ እንደዚያ አውርተው እንደማያውቁ ትናገራለች።

ዶማው ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ተኝቶ ነው ያረፈው፣ በቤቱ፣ በእሁድ ረፋድ።

እሷ አሁን ከልጇ ጋር ትኖራለች። የልጇ ቤት ቧንቧ ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ ቤቱ ዝም ይላል። ጉልበቷን ሲያማት ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ተራመጂ ብሏት ልጇ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ መዋኛ ገንዳ ትወስዳታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃን ከውጭ ሆና ስትሰማው ኖረች እንጂ ራሷን ከነጆሮዋ ነክራ አታውቅም። መጀመሪያ እምቢ አለች። በአራተኛው ቀን ሰው አያየኝም ብላ አፍንጫዋን ይዛ ጠለቀች።

ውስጡ በድምፅ የተሞላ ነው። የፓምፑ ጉርምርምታ፣ የሆነ ሰው እግር፣ ሩቅ የሚወርድ ውሃ፤ ሁሉም አለ። ግን አንዱንም ከየት እንደሚመጣ ልትለይ አልቻለችም። ደንግጣ ወጣች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ልጇ።

«እስቲ በቀለበትሽ ከገንዳው የብረት መሰላሎች አንዱን ምቺው። የትኛውን እንደምትመቺ ግን አትንገሪኝ።»

ጠለቀች። ልጇ መታች። ምቱ ጭንቅላቷ መሃል የፈነዳ መሰላት። ስትወጣ በእጇ ወደ ግራ አመለከተች። ልጇ የቆመችው ከኋላዋ ነው። ደገሙት፤ ተሳሳተች። ሦስተኛም ተሳሳተች። ከመንገድ ሥር የመርፌ ቀዳዳ ስትፈልግ የኖረች ሴት አንዲት ልጇን በአራት ሜትር ማግኘት አቃታት።

ቆይታ ነገሩን ራሷ ፈታችው። አየር ውስጥ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አንዱ ጆሮ ከሌላው ቅንጣት ታህል ይቀድማል፤ ሰው አቅጣጫ የሚለየው በዚያች ቅንጣት ነው። ውሃ ግን ድምፁን አፍጥኖ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ያህል ያደርሰዋል፤ በራስ ቅሉም በኩል ይገባል። ስለዚህ ከሁሉም ወገን የመጣ ይመስላል።

«ከፋሽ እንዴ፣ እማ?» አለቻት ልጇ ፎጣውን እያለበሰቻት።

«አልከፋኝም» አለች። «ያን ያህል ዘመን የት ነው፣ የት ነው ስል ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ የት እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደስ ይላል። ዙሪያዬን ነበርሽ።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ይሄዳሉ። ልጇ ከዳር ተቀምጣ ጋዜጣ ታነባለች። እሷ ትንፋሿ እስከፈቀደላት ጠልቃ ትቆያለች፤ ትወጣለች፤ ትመለሳለች። ጉልበቷ ብዙም አልተሻለውም።